ስለ ሊንከን የተደረሰው ሙዚቃና የምስጋና ልኩ

በብርቱ ጊዜ አገሩን የመራን ሰው ማመስገን በሕዝብ ሁሉ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። አንዱ ሐውልት ያቆምለታል፤ አንዱ ታሪኩን ይጽፍለታል፤ ሌላውም በዜማ ያነሣዋል። ነገር ግን ምስጋና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰውዬውን ከሰው ወገን ለይቶ ጉድለት የሌለበት አድርጎ የሚያሳይ ነው፤ ሁለተኛው ሥራውንና ቃሉን በሰሚ ፊት አቅርቦ ፍርዱን ለሰሚው የሚተው ነው። ልጆች ስለ ታላላቅ ሰዎች በሚጠይቁበት ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለምና፥ ለምሳሌ እንዲሆነን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስለ ነበረው ስለ አብርሃም ሊንከን የተደረሰውን ሙዚቃ እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዲሴምበር 1941 ጃፓን ፐርል ሐርበርን ከመታች በኋላ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ገባች። ያን ጊዜ የኦርኬስትራ መሪው አንድሬ ኮስቴላኔትዝ የታላላቅ አሜሪካውያንን መልክ በሙዚቃ እንዲሥሉለት ሦስት የሙዚቃ ደራሲዎችን ጠየቀ። ከሦስቱ አንዱ አሮን ኮፕላንድ ነበር። ኮፕላንድ አስቀድሞ ባለቅኔውን ዋልት ዊትማንን መርጦ ነበር፤ ኮስቴላኔትዝ ግን የመንግሥት ሰው ቢሆን ይሻላል ስላለው ሐሳቡን ወደ ሊንከን መለሰ። ባልንጀራው ቨርጂል ቶምሰን ደግሞ የዚህን ያህል ከፍ ያለውን ሰው በሙዚቃ ልኩን ሊገልጽ የሚችል ደራሲ የለም ብሎ አስጠነቀቀው። ኮፕላንድም ስለዚህ መላ ፈለገ፤ መላውም ባለ መልኩ ራሱ እንዲናገር የሊንከንን ደብዳቤዎችና ንግግሮች ከሙዚቃው ጋር ማስነበብ ሆነ።

«የሊንከን መልክ» የተባለው ይህ ድርሰት ሜይ 14 ቀን 1942 በሲንሲናቲ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ፤ ቃሉን ያነበበውም ዊልያም አዳምስ ነበር። ርዝመቱ ሩብ ሰዓት ያህል ሲሆን ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ዝግ ብሎ የሊንከንን የዋህነትና በላዩ ያንዣበበውን ዕጣ ያሰማል፤ ሁለተኛው በዘመኑ ይዘፈኑ ከነበሩት ዜማዎች ወስዶ የገበያና የመንገዱን ሁካታ ያሳያል፤ በሦስተኛው ሙዚቃው ዝቅ ሲል አንባቢው ይነሣል።

በአገራችን መልክእ የሚባለው የግዕዝ ድርሰት ቅዱሱን ከራስ ጠጕሩ እስከ እግር ጥፍሩ እየዘረዘረ ያመሰግናል። በኮፕላንድ መልክ ውስጥ ግን ስለ ሰውነቱ የሚነገረው ቁመቱ ብቻ ነው፤ ይኸውም አንድ ሜትር ከ93 ያህል ነበረ። የቀረው ቃሉ ነው። ሌላው በደከመበት እንጀራ መብላት ከንጉሥም ቢመጣ ከአንድ ዘርም ቢመጣ ያው ግፍ መሆኑን በ1858 የተናገረው በዚያ ይሰማል፤ መጨረሻው በ1863 በጌቲስበርግ ስለ ወደቁት ወታደሮች ያደረገው ንግግር ነው።

ሙዚቃው ራሱ ከክርክር አላመለጠም። በጃንዋሪ 1953 ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሹመት በተዘጋጀው ኮንሰርት ሊሰማ ተወስኖ ሳለ፥ ፍሬድ በስቢ የተባለ የኮንግሬስ አባል ደራሲው ከኮሙኒስቶች ጋር ግንኙነት ነበረው ብሎ ስለ ተቃወመ ከፕሮግራሙ ወጣ። በስቢ የኢሊኖይ እንደራሴ ነበር፤ ኢሊኖይም ሊንከን ለፕሬዚዳንትነት የበቃባት አገር ናት። በዚያው ዓመት ኮፕላንድ በሴናተር ማካርቲ ጉባኤ ፊት ተጠየቀ። በ1964 ግን ፕሬዚዳንት ጆንሰን ለሲቪል ሰው የሚሰጠውን ከፍተኛ የነፃነት ሜዳይ ሸለመው።

ከዚህ የሚበልጠው ክርክር ግን ስለ ሊንከን ስለ ራሱ ነው። በጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ያወጣው አዋጅ ባመፁት ግዛቶች ያሉትን ባሮች ነፃ የሚያወጣ ሲሆን፥ ከመንግሥት ጋር የቆሙትን ባሪያ አሳዳሪ ግዛቶች አልነካም። በ1858 ደግሞ ነጭና ጥቁር በማኅበራዊና በፖለቲካ መብት እኩል እንዲሆኑ እንደማይሻ በአደባባይ ተናግሮ ነበር። በ1862ም የጥቁሮችን መልእክተኞች ጠርቶ ወገኖቻቸው ከአገር ወጥተው ሌላ ስፍራ እንዲሰፍሩ መክሯቸዋል። ሆኖም ባርነትን ከአገሩ ሁሉ የሚሽረውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጥብቆ ደግፎ በጃንዋሪ 1865 በኮንግሬስ አሳለፈ፤ በኤፕሪልም ለአንዳንድ ጥቁሮች የመምረጥ መብት ይገባል ብሎ በተናገረ በሦስተኛው ቀን በጥይት ተመታ።

ይህን ሁሉ በአንድ ሚዛን የመዘነው ከባርነት አምልጦ የወጣው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። በ1876 በዋሺንግተን የሊንከን ሐውልት ተመረቀ፤ ገንዘቡን ያዋጡት ነፃ የወጡ ሰዎች ሲሆኑ፥ የመጀመሪያውን 5 ዶላር የሰጠችው ሻርሎት ስኮት የምትባል ከባርነት የወጣች ሴት ነበረች። ዳግላስ በፕሬዚዳንት ግራንት ፊት ቆሞ ሊንከን ከሁሉ በፊት የነጮች ፕሬዚዳንት እንደ ነበረ፥ ባርነት ፈጥኖ እንዲጠፋ ለሚሹትም ዘገምተኛ መስሎ እንደ ታየ ሳይሸሽግ ተናገረ፤ ወዲያውም የአገሩ ሰው ከነበረበት አሳብ ጋር ሲመዘን ፈጣንና ቆራጥ ነበረ ብሎ አመሰገነው። ሐውልቱ አንድ ጥቁር ሰው በሊንከን እግር ሥር ተንበርክኮ የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ በቦስተን ቆሞ የነበረው አምሳያው በ2020 ተነሣ።

እንግዲህ ኮፕላንድ ከሊንከን ቃል መልካሙን መረጠ እንጂ ሁሉን አላሰማም፤ መልክ የሚሥል ሰው የሚያበራውን ፊት ይመርጣልና። ቢሆንም የመረጠው ቃል ተናጋሪውን ራሱን የሚፈርድበት ነው፤ የሌላውን ድካም መብላት ግፍ ነው ያለ ሰው በዚያው ቃል ይመዘናል። ዘፋኟ ማሪያን አንደርሰን በ1939 ጥቁር በመሆኗ የኮንሰርት አዳራሽ ተከልክላ በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ በብዙ ሺሕ ሰው ፊት ዘመረች፤ ከዓመታትም በኋላ የዚህን ሙዚቃ ቃል በኦርኬስትራ ፊት አነበበች። ባራክ ኦባማም ሴናተር ሳለ በ2005 ከቺካጎ ኦርኬስትራ ጋር አንብቦታል። እነዚህ ያነበቡት ሊንከን እንከን አልነበረበትም ብለው አይደለም፤ የተነገረው ተስፋ ለእነርሱም የተገባ ስለ ሆነ ነው።

ስለዚህ ልጅ ስለ አንድ ታላቅ ሰው ደግ ነበረን ብሎ ሲጠይቅ፥ አባትና እናት በአንድ ቃል ባይመልሱ መልካም ነው። አስቀድመው የሠራውን ከነዓመቱ ይንገሩት፤ ቀጥሎ ሳይፈጽመው የቀረውን፤ ከዚያም የቀረውን ማን እንደ ፈጸመው ያስረዱት። እንዲህ የተማረ ልጅ የቀደሙትን ያከብራል፤ የቀረውን ሥራ መፈጸምም የራሱ ዕዳ መሆኑን ያውቃል።