የድንጋጤ ቁስል በዓይን እንቅስቃሴ ስለሚታከምበት ዘዴ

አካል ሲቆስል ቁስሉ ይታያል፤ ይታጠባል፤ ይጠግጋል፡፡ አእምሮ ሲቆስል ግን ለዓይን የሚታይ ነገር ስለሌለ ብዙ ጊዜ ሳይታከም ይቀራል፡፡ ከእሳት፣ ከጎርፍ፣ ከመኪና አደጋ ወይም ከጦርነት የተረፈ ሰው፣ አደጋው ካለፈ በኋላ ሌሊት ሲቃዥ፣ በትንሽ ኮሽታ ሲበረግግ፣ አደጋው የደረሰበትንም ሥፍራ ሲሸሽ ይታያል፡፡ ይህ ሁኔታ ከአንድ ወር በላይ ቢቆይና ሥራውንና ኑሮውን ቢያውክበት፣ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም እንጂ ፈሪነት አይደለም፡፡

ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ በዓይን እንቅስቃሴ የሚደረገው ነው፡፡ ዘዴውን ያስገኙት ፍራንሲን ሻፒሮ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ ናቸው፡፡ እኒህ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. በመናፈሻ ሲመላለሱ፣ ዓይናቸው ወዲያና ወዲህ ሲንቀሳቀስ ያስጨነቃቸው አሳብ ኃይሉ እንደ ቀነሰ ማስተዋላቸውን ተናግረዋል፤ በ1989 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የምርምር ውጤታቸውን አሳተሙ፡፡

ሐኪሙ አስቀድሞ የታካሚውን ታሪክ ይመረምራል፤ ጭንቀት ሲበረታበት ራሱን የሚያረጋጋበትንም መንገድ ያስተምረዋል፡፡ ከዚያ በኋላ ታካሚው ክፉውን ትዝታ በአሳቡ ይዞ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚመላለሱትን የሐኪሙን ጣቶች በዓይኑ ብቻ ይከተላል፡፡ ግማሽ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ያርፍና በልቡ የመጣለትን ይናገራል፤ ይኸው እየተደጋገመ የጭንቀቱ መጠን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይለካል፡፡ ትዝታው አይጠፋም፤ የሚቀንሰው አስደንጋጭነቱ ነው፡፡

የሚሠራበትን ምክንያት በተመለከተ ሊቃውንት ገና አልተስማሙም፡፡ አንዳንዶቹ አሳብ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሥራ ሲከፈል የትዝታው ሥዕል ይደበዝዛል ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የሚፈውሰው ትዝታውን ደፍሮ መመልከቱ እንጂ የዓይን እንቅስቃሴው አይደለም ይላሉ፡፡ ይሁን እንጂ የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎችም ለልጆችም ከሚመከሩት ሕክምናዎች ጋር ቈጥሮታል፡፡

ይሁንና ይህን ሕክምና ጣት እያወዛወዙ በቤት ወይም በትምህርት ቤት መሞከር አይገባም፤ ያልሠለጠነ ሰው ትዝታውን ቢቀሰቅስ ታካሚውን በባሰ ጭንቀት ላይ ሊጥለው ይችላልና፡፡ የመምህራንና የወላጆች ድርሻ ሌላ ነው፡፡ ከአደጋ የተረፈ ተማሪ ትምህርቱን ቢዘነጋ ወይም ከጓደኞቹ ቢገለል አይቀጣ፤ የደረሰበትንም በሰው ፊት እንዲናገር አይገደድ፡፡ ሊናገር ሲፈልግ በትዕግሥት ይደመጥ፤ ምግቡና እንቅልፉ ሥርዓት ይኑራቸው፤ ካልተሻለውም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፡፡ እጁ የተሰበረውን ልጅ ጻፍ ብሎ የሚያስገድድ መምህር እንደሌለ ሁሉ፣ የደነገጠ ልቡናም ጊዜና ሐኪም እንደሚያሻው ማወቅ ይገባል፡፡