ምርጡ ወይስ የምንወደው? የሲድኒ ስዋንስ ደጋፊዎች ተጫዋቾቻቸውን ደረጃ ሲያወጡ

ዛሬ ራቅ እንላለን፣ አውስትራሊያ ነው የምንገባው። ወሬያችን የኳስ ነው፤ ግን እናንተ የምታውቁት ኳስ አይደለም። እዚያ አገር «ፉቲ» የሚሉት የራሳቸው እግር ኳስ አለ። የዚህ ጨዋታ ደጋፊዎች ደግሞ ከጨዋታው ባልተናነሰ የሚወዱት ነገር አለ፦ የክለባቸውን ተጫዋቾች ከአንድ እስከ አስር ደርድሮ መከራከር። «ከሁሉ የምትወደው ማን ነው? ሁለተኛውስ?» ሲሉት ቀላል ይመስላል። ሲድኒ ስዋንስ የሚባለው ክለብ ላይ ሲደርስ ግን ቀላል መሆኑ ይቀራል። ለምን እንደሆነ ነው ዛሬ የማወራላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ጨዋታውን አይቶት ለማያውቅ ሰው። ሜዳው እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፣ ኳሷም እንደዚያው። በየወገኑ 18 ተጫዋች ሜዳ ላይ ይቆማል። ኳሷን በእግር መምታትም በእጅ መያዝም ይቻላል፤ ለጓደኛ በእጅ ማቀበል ሲያስፈልግ ግን በቡጢ መታ ማድረግ ነው እንጂ መወርወር ክልክል ነው። በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ቋሚዎች አሉ። በመሃለኞቹ ሁለት መካከል በእግር የገባች ስድስት ነጥብ፣ ከእነሱ ዳር ያለፈች አንድ ነጥብ ታስገኛለች። 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ተመትታ የመጣች ኳስ አየር ላይ የቀለበ ሰው ደግሞ ማንም ሳይነካው ተረጋግቶ የመምታት መብት አለው። ሰው በሰው ትከሻ ላይ እየወጣ ሲዘል ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። በረኛ የለም፣ ኦፍሳይድ የለም። ለዛሬ ይህ ይበቃናል።

አሁን ወደ ክለቡ። ስዋንስ መጀመሪያ የሲድኒ ክለብ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተው ሜልቦርን ውስጥ፣ ደቡብ ሜልቦርን በሚባለው ሰፈር ነው። ገንዘብ አጥሮት በ1982 ወደ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሲድኒ ገባ። ሜልቦርን የቀሩት ደጋፊዎች ልባቸው ተሰበረ፤ ሲድኒ ያሉት ደግሞ በብዛት የራግቢ ሰዎች ስለነበሩ እንግዳውን ብዙም አልፈለጉትም። እንግዲህ ደረጃ ስታወጡ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ እዚህ ይጀምራል፦ ከመሻገሩ በፊት የነበረው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ከአገር አገር የተሻገረ ቤተሰብ ልጆች ስለሆናችሁ ይህ ጥያቄ ለእናንተ አዲስ አይመስለኝም።

ይቆጠራል የሚሉት የሚያነሱት ስም ቦብ ስኪልተን ነው። ቁመቱ 171 ሴንቲ ሜትር፣ በቀኝም በግራም እግሩ እኩል የሚመታ ሰው። ከ1956 እስከ 1971 ድረስ ለደቡብ ሜልቦርን 237 ጨዋታ ተጫወተ። የሊጉን ትልቁን የግል ሽልማት፣ ብራውንሎው ሜዳሊያን፣ ሦስት ጊዜ ወሰደ፦ በ1959፣ በ1963 እና በ1968። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ለዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ አንድም ቀን አልደረሰም። ቡድኑ ደካማ ነበር፣ እሱ ደግሞ ትቶት አልሄደም። ዛሬ የሲድኒ ክለብ የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች የሚሸልምበት ሜዳሊያ በእሱ ስም ይጠራል። ሲድኒ የተወለደ የሃያ ዓመት ልጅ ስኪልተንን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሲያደርግ ዓይኑ ያላየውን፣ የሰማውን ብቻ ይዞ ነው። ይህን ደስ ብሎኝ ነው የማየው።

ስለ ብራውንሎው ካነሳሁ አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ለኋላ ይጠቅመናል። ድምፅ የሚሰጡት ዳኞች ናቸው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ለሦስት ተጫዋቾች ሦስት፣ ሁለት እና አንድ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ይደመራል። ሽልማቱ «ጨዋና ምርጥ» ለሆነው ስለሆነ፣ በዓመቱ ውስጥ በጥፋት ከጨዋታ የታገደ ሰው አንደኛ ቢወጣ እንኳ አይወስደውም። በ1997 የዌስተርን ቡልዶግሱ ክሪስ ግራንት ከሁሉም በላይ ነጥብ ሰብስቦ በአንድ ጨዋታ ቅጣት ምክንያት ሜዳሊያው አመለጠው። እስካሁን የሚያናድዳቸው ሰዎች አሉ።

የደጋፊ ደረጃ ግን ሌላ ነገር ነው። ዳኛው «ዛሬ ማን በለጠ?» ይላል። ደጋፊው የሚጠይቀው «ማን ለእኔ ምን ሆነልኝ?» ብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ሲደባለቁ ነው ሰው የሚጣላው። ቶኒ ሎኬትን እዩ። በሊጉ ታሪክ ከእሱ የበለጠ ጎል ያገባ የለም፣ 1,360 ጎል። ከዚህ ውስጥ 898ቱን ያገባው ግን ለሌላ ክለብ፣ ለሴንት ኪልዳ ነው። እንዲያውም በ1993 ሴንት ኪልዳ ሲድኒ ሊጫወት በመጣበት ቀን፣ በሎኬት ግዙፍነት ለመቀለድ የእሱ ቁጥር 4 የተጻፈበት አሳማ ሜዳ ላይ ተለቀቀ። አዎ፣ እውነተኛ አሳማ። ሎኬት በዕለቱ አልተጫወተም ነበር። ስዋንስ ያኔ 26 ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈ፣ የአገሩ መሳቂያ የሆነ ቡድን ነበር። በ1995 ያ የተቀለደበት ሰው ለእነሱ መጫወት ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ከኤሰንደን ጋር በግማሽ ፍጻሜው እኩል ሆነው ሰዓቱ አልቆ ደወሉ ከተደወለ በኋላ መታ፤ ጎል አልሆነችም፣ በዳር አልፋ አንድ ነጥብ ሆነች። አንዷ ነጥብ በቃቻቸው፣ ለፍጻሜ አለፉ። ፍጻሜውን በኖርዝ ሜልቦርን ተሸነፉ፣ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሲድኒ ውስጥ ስታዲየም መግባት የሚያሳፍር ነገር አልሆነም። ስለዚህ ደጋፊው ሎኬትን ሲወድ ስለ 1,360ው ብቻ አይደለም። ስለዚያች አንድ ነጥብም ጭምር ነው።

ሊዮ ባሪ ደግሞ ተከላካይ ነው፣ ብራውንሎው የለውም። በ2005 ፍጻሜ ስዋንስ ዌስት ኮስትን በአራት ነጥብ እየመራ፣ ሰከንዶች ሲቀሩ ረጅም ኳስ ወደ ጎላቸው መጣች። ባሪ ከሰው ክምር በላይ ዘሎ ቀለባት። ጨዋታው በዚያው አለቀ፣ 58 ለ54። ክለቡ ለ72 ዓመት ዋንጫ አላየም ነበር። አንድ ሰው በአንድ መቅለብ ዝርዝር ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይገባዋል? እኔ ይገባዋል ባይ ነኝ።

በተቃራኒው ላንስ ፍራንክሊን አለ። ዘጠኝ ዓመት፣ ወደ 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚጠጋ ውል፣ በመጋቢት 2022 ሺኛ ጎሉን ሲያገባ ሕዝቡ አጥር ዘሎ ሜዳውን ሞላው። ያን ቀን ያየ ሰው አይረሳውም። ዋንጫዎቹን ግን ያነሳው ቀድሞ በነበረበት በሆውቶርን ነው፣ በሲድኒ አንድም የለውም። ብዙ ደጋፊ «እናደንቀዋለን» ብሎ አምስተኛ ያደርገዋል። ብሬት ኪርክ ደግሞ ማንም ብዙ ሳይጠብቅበት የመጣ፣ ፈጣን ያልሆነ፣ ግን ኳስ ካለበት የማይጠፋ አማካይ ሆኖ ከፍራንክሊን በላይ ሲቀመጥ ታገኙታላችሁ።

ቆጠራውም ራሱ ተንኮል አለው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው አስር ስም ይጽፋል፣ አንደኛው አስር ነጥብ፣ ሁለተኛው ዘጠኝ እያለ ይወርዳል፣ ከዚያ ይደመራል። እስቲ አስር ሰው እናስብ። አምስቱ አንድን ተጫዋች አንደኛ ያደርጉታል፣ የቀሩት አምስት ጭራሽ አይጽፉትም፤ 50 ነጥብ አገኘ። ሌላውን አስሩም ሦስተኛ ያደርጉታል፣ ስምንት በአስር፣ 80 ነጥብ። ማንም አንደኛ ያላለው ሰው በሰፊው በለጠ። ይህ አቆጣጠር ማንንም ያላስቀየመን ሰው ይወዳል። ሰውን ለሁለት የከፈለ ተጫዋች ይጎዳበታል።

እና አሁን ወደ አዳም ጉድስ እመጣለሁ። ዋናው ነገር እሱ ነው።

ቁጥሩ ላይ ክርክር የለም። ከ1999 እስከ 2015 ድረስ 372 ጨዋታ፣ በክለቡ ታሪክ ማንም ያልደረሰበት። 464 ጎል። ብራውንሎው በ2003 ከሌሎች ሁለት ጋር ተካፍሎ፣ በ2006 ብቻውን። የ2005 እና የ2012 ዋንጫ፤ የ2012ቱን ፍጻሜ ጉልበቱ ተጎድቶ ነው የጨረሰው። ጉድስ የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ የአቦርጅናል ልጅ ነው። እናቱ በልጅነታቸው በመንግሥት ፖሊሲ ከቤተሰባቸው ከተወሰዱት ልጆች አንዷ ናቸው።

በግንቦት 2013፣ ሊጉ የአቦርጅናል ተጫዋቾችን በሚያከብርበት ሳምንት፣ ከኮሊንግውድ ጋር ሲጫወቱ ከአጥሩ ማዶ አንዲት ተመልካች «ዝንጀሮ» አለችው። ዞር ብሎ በጣቱ ለጥበቃዎች አሳያቸው። የ13 ዓመት ልጅ ሆና ተገኘች። በማግስቱ ጋዜጠኞች ፊት ወጥቶ ልጅቷን አትውቀሷት፣ ድጋፍ ነው የሚያስፈልጋት አለ። በ2014 የአውስትራሊያ የዓመቱ ሰው ተብሎ ተመረጠ፣ ስለ ዘረኝነትም በግልጽ መናገሩን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ በየስታዲየሙ ኳስ በያዘ ቁጥር «ቡ...» የሚለው ጩኸት እየበዛ መጣ። በግንቦት 2015 ካርልተን ላይ ጎል አግብቶ ከወጣት አቦርጅናል ተጫዋቾች የተማረውን የጦር ጭፈራ ሲጨፍር፣ ጦር እንደሚወረውር ሲያስመስል ነገሩ ባሰ። «ስለ ቀለሙ አይደለም፣ ቅጣት ምት ለማግኘት ስለሚወድቅ ነው» ይሉ ነበር። ለቅጣት ምት የሚወድቅ ሌላ ተጫዋች ሞልቷል፣ ከከተማ ከተማ እየተከተሉ የጮኹበት ግን እሱን ነው። ብሉምፊልድ ወይም ቴዲ ስታዲየም ገብቶ የሚያውቅ ሰው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አንድ ሰው ላይ ሲጮህ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅተውም።

በሐምሌ መጨረሻ ጉድስ ደከመው፣ ከቡድኑ ፈቃድ ጠይቆ ቀረ። በሚቀጥለው ጨዋታ ሲድኒ ላይ ከአደሌድ ጋር ሲጫወቱ እሱ የለም። የማሊያ ቁጥሩ 37 ነበር፤ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሰባተኛ ደቂቃ ላይ ሕዝቡ ብድግ ብሎ ለሌለ ሰው አጨበጨበ። ሦስት፣ ሰባት። የደጋፊ ደረጃ ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ እኔ የማሳየው ያችን ደቂቃ ነው። ማንም ቁጥር አልደመረም።

ጉድስ ተመልሶ ዓመቱን ጨረሰ፣ መስከረም ላይ ተሸንፈው ሲወጡ ማቆሙን ተናገረ። ጫማ የሰቀሉ ተጫዋቾች በፍጻሜው ቀን በመኪና ሜዳውን ዞረው የሚሰናበቱበት ልማድ አለ፣ እሱ አልተገኘም። በ2019 ሊጉና 18ቱም ክለቦች በይፋ ይቅርታ ጠየቁት። በ2021 የሊጉ የዝና አዳራሽ ውስጥ እንዲገባ ሲቀርብለት ግን አልፈልግም አለ። ስለዚህ የሊጉ ትልቁ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ በራሱ ምርጫ። የስዋንስ ደጋፊ በወረቀት ላይ «1. ጉድስ» ብሎ ሲጽፍ ሊጉ ሊሰጠው ዘግይቶ የሞከረውን፣ እሱ ከሊጉ ያልተቀበለውን ነገር ነው የሚሰጠው። ይህ ከጎልና ከሜዳሊያ ጋር የሚደመር አይደለም።

በነገራችን ላይ ዛሬ በዚህ ሊግ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም ይጫወታሉ። አሊር አሊር ኬንያ፣ ካኩማ የስደተኞች ካምፕ የተወለደ የደቡብ ሱዳን ልጅ ነው፤ በስዋንስ ጀምሮ ወደ ፖርት አደሌድ ሄደ፣ በ2021 የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ። በሆውቶርን የተጫወተው ቻንግኩዎት ጂያት ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ነው፣ ቤተሰቡ ከደቡብ ሱዳን የሸሹ። ደጋፊዎቹ «ሲጄ» ነው የሚሉት። ስለነሱ ራሱን የቻለ ክፍል እናዘጋጃለን።

እሺ፣ የእኔን ደረጃ ሳልናገር ብሄድ አትለቁኝም። ይህን ክለብ ከሩቅ ነው የምከታተለው፣ ስለዚህ ሲድኒ ያለ ሰው ሊስቅብኝ ይችላል። አንደኛ ጉድስ። ሁለተኛ ስኪልተን፣ ደካማ ቡድን ትቶ ስላልሄደ። ሦስተኛ ሊዮ ባሪ። አዎ፣ ከሎኬት በላይ፤ 1,360 ጎል ያገባን ሰው ወደ አራተኛ አወረድኩት። ኪርክ አምስተኛ፣ ፍራንክሊን ስድስተኛ። ከዚያ በታች ያለውን እናንተ ሙሉት፣ ሎኬት አራተኛ መሆኑ ያናደደው ደግሞ በድምፅ መልእክት ይላክልን፣ በሚቀጥለው ክፍል እናሰማዋለን። ሌሂትራኦት፣ ደህና ሁኑ።