ያውቁ ኖሯል? ጥቁር ልብስ ሁልጊዜ አያሞቅም
እ.ኤ.አ. በ1980 በ«ኔቸር» መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የበደዊን ዘላኖች ጥቁር ቀሚስ ከነጩ የበለጠ ሙቀት ወደ ገላ እንደማያሳልፍ አሳይቷል። ጥቁሩ ጨርቅ ራሱ ይበልጥ ይግላል፤ ልብሱ ሰፊ በመሆኑ ግን ትርፉን ሙቀት ቆዳ ሳይነካ ነፋስ ይወስደዋል። ታዲያ ለቆቦና ለራያ ቆላ ወንዶችም ጥቁር ይስማማል? ሰፊ ከሆነ አዎ። የዛሬ ሸሚዝና ሱሪ ግን ገላ ላይ ልክክ ብሎ ስለሚሰፋ ለነፋስ መግቢያ የለውም። ስለዚህ ለቀን ልብስ መነሻው ክሬም፣ ካኪና ፈዛዛ ግራጫ ቢሆን ይሻላል።

እነዚህ ቀለማት ሰውን ያደበዝዛሉ የሚሉ አሉ። የሚያደበዝዘው ግን ላይና ታቹ እኩል ሲፈዝ ነው። ክሬም ሸሚዝ በካኪ ሱሪ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ ቀበቶና ጫማ ሲጨመርበት ወዲያው ይለያል፤ ግራጫ ሱሪም በነጭ ወይም በጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝ ይደምቃል። ለአቧራማ መንገድ ደግሞ ካኪን የሚያህል የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር መልበስ የጀመረው አፈር ስለሚመስል ነው። ነጩ ጋቢ ከሁሉም ጋር ይሄዳል። ጥቁሩን ሱፍ ለምሽት ሠርግ ያቆዩት።