የአባቴ ቬስፓ ባሕር ማዶ ስትሄድ

እናቴ ግቢ ውስጥ ባለው ዕቃ ቤት ጥግ፣ አሮጌ ሸራ ለብሳ ለዓመታት የቆመች ቬስፓ ነበረችን። አባቴ በ1957 ዓ.ም. የገዛት፣ መጀመሪያ እናቴን ከኋላ አስቀምጦ፣ በኋላም እኔንና ወንድሜን ተራ በተራ ከፊቱ አቁሞ ከተማውን ያዞረባት ናት። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ባለፈው ክረምት የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ ሸራውን ገለጥነው። የእግር መርገጫው በዝገት ተበልቶ በቀዳዳው ወለሉ ይታያል።

ወንድሜ «ቁራሌው ይውሰዳትና እንገላገል» አለ። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። ስህተቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ቁራሌው ከመጠራቱ በፊት ግን አባቴ ሞተሯን ያሠራቸው የነበሩትን፣ ከልጅነታችን ጀምሮ «ጋሼ» የምንላቸውን የሰፈራችንን አንጋፋ መካኒክ አስመጣኋቸው። ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «ሻንሲዋ አልቋል፤ ሌላው ግን አላለቀም። ይህን በኪሎ መሸጥ ኃጢአት ነው» አሉን።

ለመሆኑ ማን ይፈልጋታል?

ቬስፓ የጣልያኑ ፒያጆ ኩባንያ ሥራ ናት። አውሮፕላን ይሠራ የነበረው ይህ ኩባንያ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ለተራው ሰው የሚሆን ርካሽ መጓጓዣ ለመሥራት ተነሣ። ሥራው የተሰጠው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ደግሞ የአውሮፕላን መሐንዲስ እንጂ የሞተር ሳይክል ወዳጅ አልነበረም። ሰንሰለቱ ልብስ ያቆሽሻል፣ ለመውጣትም አስቸጋሪ ነው ባይ ነበር። ስለዚህ ሞተሩን በቆርቆሮ ሸፈነው፣ ሰንሰለቱን አስቀረው፣ ማርሹን በግራ እጅ የሚቀየር አደረገው፣ ከመቀመጫው ፊት ለፊትም እግር እንደ ልብ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ተወ። ቀሚስ የለበሰች ሴት ሳትቸገር ልትነዳው ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ1946 ለገበያ የወጣችው ይህች ሞተር ወገቧ ቀጭን፣ ኋላዋ ሰፊ ነበርና ስሟ ቬስፓ ተባለ፤ በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው።

ዘመዶቿ ዛሬም መንገዳችን ላይ አሉ። ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 «አፔ» ወይም ንብ የምትባል ባለ ሦስት እግር ሠራ። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፒያጆን ሞተሮች በፈቃድ ይሠራ ነበር። በየሰፈራችን የምንሳፈራት ባጃጅ ከዚያው ዘር የመጣች ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሮጌ ቬስፓ ፈትተው እንደ አዲስ የሚገጣጥሙ ሰዎች በአውሮፓም፣ በእስያም፣ በአሜሪካም አሉ። አስመስሎ የተሠራ አዲስ ዕቃ በገበያ ሞልቷል። ሆኖም ሞተሩ ከፋብሪካው እንደ ወጣ እንዲሆንለት የሚሻ ሰው የሚፈልገው የዘመኑን፣ የራሱን የፋብሪካውን ዕቃ ነው። ጭረት ያለበት የመብራት ክብ ከሚያብረቀርቀው አዲስ የሚበልጥበት ምክንያትም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩ

ገዢዎች የሚጠይቁት የመጀመሪያው ነገር ዋጋ አይደለም፤ ቁጥር ነው። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከፊቱ ፊደላት አሉት፤ እነሱ ሞዴሉን ይነግራሉ። የእኛ «ቪ ቢ ቢ» የሚል ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ መጀመሪያ ባለ 150 ሲሲ ማለት ነው። ዓርማም ዕድሜ ይናገራል። የፒያጆ ባለ ስድስት ጎን ዓርማ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በተሠራ ሞተር ላይ እሱ ከተገኘ ዕቃው ተቀይሯል ማለት ነው።

ጋሼ ፈቱ፣ እኔ ጻፍኩ። ካርቡራቶር፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ። የመጀመሪያው ገዢያችን ጣልያን የሚኖሩ ጡረተኛ ነበሩ። በስልክ ምስል እየተያየን ስንነጋገር ጋሼ ካሜራው ፊት ዕቃውን እያነሱ ስሙን ሲጠሩ ሰውዬው በሳቅ ፈነዱ። አማርኛ የመሰለን የጋራዥ ቋንቋችን ለካ አብዛኛው የእሳቸው ቋንቋ ነው! ያለ አስተርጓሚ ተግባቡ።

ጋሼ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፦ «አታስወልውል፣ ቀለምም አታስቀባ»። ጭቃና ቅባቱን በጨርቅ ጠርጎ መተው ይበቃል። በአሸዋ ወረቀት የተፋቀ ዕቃ ላይ የፋብሪካው ምልክት ይጠፋል። ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ በስድስቱም ጎን፣ ከአጠገቡ ማስመሪያ አድርጎ ማንሳት ጥሩ ነው። ስንጥቅ ካለ ስንጥቁን ለብቻው አንስተው ይላኩ። ገዢው በአካል መጥቶ አይነካውም፤ ያለው መተማመኛ የእርስዎ ሐቅ ብቻ ነው።

ካርቶኑ ያስተማረኝ

የመጀመሪያው ጭነት አበሳጨኝ። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። መስታወቱ ተሰብሮ ደረሰ፤ የዋጋውን ግማሽ መለስኩ። አሁን እያንዳንዱን ዕቃ በፕላስቲክ፣ ከዚያ አየር በያዘ መጠቅለያ ሸፍኜ በትንሽ ካርቶን፣ ትንሹን ደግሞ በትልቅ ካርቶን አደርጋለሁ። ዘግቼ እነቀንቀዋለሁ። ድምፅ ከሰማሁ እንደገና እከፍተዋለሁ።

ሁለተኛው ትምህርት ሚዛን ነው። ፈጣን መልእክት አድራሾች ክብደትን ብቻ ሳይሆን ስፋትንም ያስከፍላሉ። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታው በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ብዙውን ጊዜ ለ5000 ይካፈላል። 60 በ40 በ40 የሆነ ካርቶን 19.2 ኪሎ ይቆጠራል፤ ውስጡ ያለው ፓራፋንጎ ጥቂት ኪሎ ቢሆንም ክፍያው በትልቁ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት ይለኩ፤ የማጓጓዣውንም ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይስማሙ።

ሦስተኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ቤንዚን የነበረበት ታንክና ካርቡራቶር ሽታው እንኳ ቢቀር ለአውሮፕላን ጭነት አደገኛ ዕቃ ሊባል ይችላል። ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ መሄድ አለበት፤ መታጠቡንም ለአጓጓዡ መንገር ያስፈልጋል። ባትሪ አይላክ። ማግኔት ያለበት ዕቃና ጋዝ ያለበት ሾክ አብዞርበርም አስቀድሞ የሚጠየቅበት ነው። የእኔ ካርቡራቶር በሽታው ምክንያት አንዴ ከመጋዘን ተመልሶልኛል።

ወረቀቱ

በጉምሩክ መግለጫው ላይ «አሮጌ ዕቃ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ያገለገለ መሆኑን፣ እውነተኛ ዋጋውን ይጻፉ። የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ዓለም አቀፍ የታሪፍ ቁጥሩ 8714.10 ነው። ገዢው «ዋጋውን ዝቅ አድርገህ ጻፍልኝ» ቢል እሺ አይበሉ፤ ዕቃው ቢጠፋ ካሳው በተጻፈው ልክ ነው፣ ውሸቱም የእርስዎ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ወዲህ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በሚገባ የንግድ ዕቃ ላይ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም የተጨማሪ እሴት ታክስ ስላለ፣ ገዢው እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ይወቀው።

እዚህ አገር ደግሞ በተደጋጋሚ ለንግድ መላክ የንግድ ፈቃድ፣ ክፍያውም በባንክ በኩል መግባት ይፈልጋል፤ ከመጀመርዎ በፊት ባንክዎንና ጉምሩክን ይጠይቁ። ዕቃው ከጣልያን ወረራ ዘመን የቀረ ከመሰለዎት የቅርስ ባለሥልጣንን ሳያማክሩ አያንቀሳቅሱት፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። እኛ ታርጋውን፣ ሊብሬውንና ቁጥሩ ያለበትን ሻንሲ ለማንም አልሸጥንም።

ያልጠየቅኋት

ወደ እናቴ ልመለስ። ጡረተኛው ሰውዬ የኋላውን መቀመጫ ሲፈልጉ ቶሎ ተስማማሁ፤ ገንዘቡም ገባ። ቆዳው የተሰነጠቀ፣ ስፕሪንጉ የዛገ ትንሽ ነገር ነው። ልጠቀልለው ሳነሳ እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ «እሱንም?» አለች።

«ተሽጧል እኮ እማዬ» አልኳት።

«አባትህ ልትወለድ ስትል ሆስፒታል የወሰደኝ በዚህ ነው። ታክሲ ጠፍቶ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ይቅርታ ይለኝ ነበር» አለችኝና ወደ ኩሽና ገባች።

በሃምሳ ዓመቴ ያንን ታሪክ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ለሰውዬው እውነቱን ጻፍኩላቸው፤ ገንዘባቸውንም ከነማስተላለፊያው መለስኩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «እናትህን ሳትጠይቅ ሌላም ምንም አትሽጥ» ብለው መለሱልኝ። መሪውንና መብራቱን ግን ገዙ።

ከሽያጩ የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ተቀየረ፤ ጋሼም የድካማቸውን አገኙ፤ የቀረውን እኔና ወንድሜ ለእናቴ ሰጠናት። ከወራት በኋላ ከጣልያን ፎቶ መጣ፦ የአባቴ መሪ በሌላ ሰው ቬስፓ ላይ ተገጥሞ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ «ቀለሙ አያምርም» አለች። ፎቶውን ግን አልመለሰችልኝም።

እናንተም ቤት በሸራ የተሸፈነ ነገር ካለ፣ የመጀመሪያውን ቡሎን ከመፍታታችሁ በፊት ቤተሰቡን ሰብስቡ፤ ቡናም ይፈላ። የሚሸጠውንና የሚቀረውን አብራችሁ ለዩ። ዝም ያለውን ሰው ደግሞ ሁለቴ ጠይቁት።