ስለ ማር ችርቻሮ ፈቃድና በጠርሙሱ ላይ ስለሚለጠፈው ጽሑፍ

ጥቅምትና ኅዳር በብዙው የአገራችን ክፍል የማር ቈረጣ ወራት ናቸው። በዚህ ጊዜ ማሩን ከገበሬው በጀሪካንና በባልዲ ገዝተው፣ አጣርተውና በጠርሙስ ከፋፍለው የሚቸረችሩ ሰዎች ይበዛሉ። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ከገዛ እርሻው ያገኘውን ምርት የሚሸጠውን ገበሬ እንደ ነጋዴ አልቈጠረውም ነበር። ገዝቶ አትርፎ የሚሸጥ ሰው ግን፣ ሸቀጡ ጥቂት ቢሆንም እንኳ፣ ነጋዴ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ዐዋጅ ቍጥር 980 መሠረት ተመዝግቦ ፈቃድ ማውጣትና በወቅቱ ማሳደስ ይገባዋል።

ቸርቻሪውን ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ የዕቃው ስም፣ ክብደቱና የአገልግሎት ጊዜው ለገዢው እንዲገለጽ አዝዟል። ከእነዚህም ውስጥ ስሕተት የሚበዛው በክብደቱ ነው። ማር ከውሃ ይከብዳልና አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በማር ሲሞላ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ይመዝናል። ይህን ሳያውቅ የሊትሩን ጠርሙስ «1 ኪሎ» ብሎ የሚሸጥ የገዛ ትርፉን ያፈሳል፤ የግማሽ ሊትሩን «1 ኪሎ» የሚል ደግሞ ከገዢው 300 ግራም ያህል ያጐድላል። ስለዚህ ባዶውን ጠርሙስ አስቀድሞ መመዘን፣ ሲሞላም እንደ ገና መዝኖ ልዩነቱን መጻፍ ነው።

ስለ ስሙ ደግሞ ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ ጉባኤ በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ፣ ስኳርም ሆነ ሌላ ነገር የተጨመረበት «ማር» ተብሎ እንዳይሸጥ ከልክሏል። የቦታ ስም የሚጻፈውም ማሩ በሙሉ ከዚያው ቦታ የተገኘ እንደሆነ ብቻ ነው። ነጭ ማር ሁሉ የላሊበላ ወይም የትግራይ ማር አይደለም፤ በደቡብ ምዕራብ ደን ገተማ ከሚባለው ዛፍ የሚገኘውም ነጭ ነው። በራሱ ስም ቢሸጥ የሚያሳፍር አይደለምና የሌላ አገር ስም መዋስ ምን ያስፈልገዋል?

በዚሁ ደንብ የማር እርጥበት በጠቅላላው ከመቶ 20 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ከዚህ ያለፈው በጠርሙሱ ውስጥ ሊፈላ ይችላል። የረጋውን ማር ግን ብዙ ገዢዎች ስኳር የገባበት እየመሰላቸው ይመልሱታል። መርጋት የማር ጠባይ ስለ ሆነ፣ «ቢረጋ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያቈዩት» የሚል አንድ መስመር በጽሑፉ ግርጌ ቢጨመር ብዙ ጠርሙስ ከመመለስ ይድናል።