ለቤት አልባዎች የሚጠየቅ በጀት፦ የካሊፎርኒያ ከተሞችና አውራጃዎች ልምድ

መጠለያ ላጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርስለት በአጠገቡ ያለው የአካባቢ አስተዳደር ነው። ችግረኛው የሚያድርበትን ድልድይና የመንገድ ዳር ጠንቅቆ የሚያውቀው የከተማው ሠራተኛ ሲሆን፣ ለጊዜያዊ መጠለያና ለቋሚ ቤት የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከበላይ መንግሥት ካዝና ነው። ችግረኛውን የሚያውቀው አንድ አካል፣ ገንዘቡን የያዘው ደግሞ ሌላ አካል በሆነበት ሁኔታ፣ የበጀት ጥያቄ እንዴት እንደሚቀርብ፣ በምን እንደሚመዘንና በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚሰናከል ማወቅ በርዳታና በማቋቋም ሥራ ለተሰማሩ ሁሉ ጠቃሚ ነው። ከ2018 ወዲህ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የታየው ሂደት ይህንን በግልጽ የሚያሳይ በመሆኑ ከዚህ በታች ይብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የችግሩ ስፋት

ካሊፎርኒያ 39 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርባት፣ በአገሩ አጠራር ካውንቲ በሚባሉ 58 አውራጃዎች የተከፋፈለች ሰፊ ግዛት ናት። በሀብቷ በአገሪቱ ቀዳሚ ብትሆንም፣ በቤት አልባዎች ቁጥርም ቀዳሚ ናት። በጥር ወር በተካሄዱ ቆጠራዎች በ2020 161,548፣ በ2022 171,521፣ በ2024 ደግሞ 187,084 ቤት አልባዎች ተመዝግበዋል። የመጨረሻው ቁጥር በዚያው ዓመት በመላው አሜሪካ ከተቆጠሩት 771,480 ሰዎች አንድ አራተኛ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ከእነዚህም ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በመጠለያ ጣቢያ ሳይሆን በድንኳን፣ በመኪና ውስጥ ወይም በሜዳ ላይ የሚያድሩ ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ከሌላ ቦታ ፈልሰው የመጡ ናቸው የሚል አስተያየት በየጊዜው ይሰማል። በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ 3,200 የሚጠጉ ሰዎችን ጠይቆ በ2023 ያወጣው ጥናት ግን ይህን አይደግፍም። ከተጠየቁት ከመቶ 90 እጅ የሚሆኑት የመጨረሻ ቤታቸውን ያጡት በዚያው ግዛት ውስጥ ነው። ከመቶ 75 እጅ የሚሆኑት ደግሞ ቀድሞ ይኖሩበት ከነበረው አውራጃ አልወጡም። ቤታቸውን ከማጣታቸው በፊት በነበሩት ስድስት ወራት፣ የግማሾቹ ቤተሰቦች የወር ገቢ ከ960 ዶላር አይበልጥም ነበር። በስማቸው የኪራይ ውል ያልነበራቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ ከዘመድ ወይም ከወዳጅ ጋር ተጠግተው የኖሩት፣ ቤቱን እንዲለቁ የተሰጣቸው ማስጠንቀቂያ በአማካይ የአንድ ቀን ብቻ ነበር። ከተጠየቁት ከመቶ 70 እጅ የሚሆኑት፣ በወር ከ300 እስከ 500 ዶላር የሚደርስ የኪራይ ድጎማ ቢያገኙ ኖሮ ቤት አልባ እንደማይሆኑ ገልጸዋል። እንግዲህ ጉዳዩ የእንግዶች ሳይሆን፣ ኪራይ ከገቢያቸው በላይ የሆነባቸው የአካባቢው ነዋሪዎች ጉዳይ ነው።

ጥያቄው ለግዛቱ መንግሥት የሚቀርብበት ምክንያት

የአካባቢ አስተዳደሮቹ ችግሩን በራሳቸው ገቢ ለመወጣት ያልሞከሩ አይደሉም። የሎስ አንጀለስ ከተማ ሕዝብ በ2016 በሰጠው ድምፅ፣ ለችግረኞች ቤት መሥሪያ የሚውል የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ እንዲሸጥ ፈቅዷል። የሎስ አንጀለስ አውራጃ መራጮችም በ2017 ከመቶ አንድ አራተኛ እጅ የሽያጭ ታክስ ለዚሁ ዓላማ እንዲከፈል ተስማምተዋል። በኅዳር 2024 ደግሞ ይህንኑ ታክስ ወደ ከመቶ ግማሽ እጅ ከፍ አድርገውታል።

ሆኖም የአካባቢ አስተዳደሮች ገቢ ጣሪያ አለው። በ1978 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት፣ አጠቃላዩ የቤትና የቦታ ግብር ከተገመተው ዋጋ ከመቶ አንድ እጅ እንዳይበልጥ ተደርጓል። ለተለየ ዓላማ የሚጣል አዲስ ታክስም የመራጩን ሕዝብ ፈቃድ ይጠይቃል። ሎስ አንጀለስን የመሰለ ትልቅ ከተማ መራጩን አሳምኖ ገንዘብ ሊያሰባስብ ቢችልም፣ ሕዝቡ አነስተኛ፣ ገቢውም ዝቅተኛ የሆነ የገጠር አውራጃ ይህን ማድረግ ይሳነዋል። ጥያቄው ወደ ግዛቱ መንግሥት የሚያመራበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ገንዘቡ የሚከፋፈልበት ሥርዓት

የግዛቱ መንግሥት በ2018 500 ሚሊዮን ዶላር ለአስቸኳይ ርዳታ መደበ። ከገንዘቡ ተካፋይ ለመሆን የየአካባቢው ምክር ቤት በክልሉ የመጠለያ ችግር መድረሱን በይፋ እንዲያውጅ ይጠበቅበት ነበር። አዋጁ ለወረቀት ያህል የተጠየቀ አልነበረም፤ በሕዝብ ይዞታ ላይ ጊዜያዊ መጠለያ በፍጥነት ለማቋቋም የሚያስችል ሕጋዊ በር የሚከፍት ነበር።

በ2019 የቤት አልባዎች መኖሪያ፣ ርዳታና መከላከያ ፕሮግራም ተብሎ የሚታወቀው ድጎማ በ650 ሚሊዮን ዶላር ተጀመረ። ገንዘቡ የሚተላለፈው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ከ300,000 በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች፣ ሁለተኛው ለአውራጃዎች፣ ሦስተኛው ደግሞ በየአካባቢው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ለሚያስተባብሩ አካላት የሚሰጥ ነው። እያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ የሚሰላው በጥር ወር በተቆጠሩት ቤት አልባዎች ብዛት ነው። ለአስተዳደር ወጪ ከመቶ 7 እጅ በላይ ማዋል የተከለከለ ሲሆን፣ በ2019 ከጠቅላላው ቢያንስ ከመቶ 8 እጅ ለወጣቶች እንዲውል ታዞ ነበር። ገንዘቡ ለኪራይ ድጎማ፣ ለመጠለያ ጣቢያዎች ሥራ ማስኬጃ፣ ችግረኞችን ባሉበት ፈልጎ ለመርዳት፣ ለቋሚ ቤቶችና ሰዎች ቤታቸውን ከማጣታቸው በፊት ለመደገፍ ይውላል።

በዚህ ሥርዓት ቆጠራው የሥራው ሁሉ መሠረት ነው። ቆጠራው የሚካሄደው በአንድ ሌሊት፣ በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች በመሆኑ፣ በመኪና ውስጥ ወይም ከዓይን በራቀ ሥፍራ የተኛ ሰው ሳይቆጠር ሊቀር ይችላል። ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ ከድርሻው ስሌት ውጪ ይሆናል። ስለዚህ ለቆጠራ ሠራተኛ መመደብ፣ ሠራተኛውን ማሠልጠንና ቤት አልባዎቹን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎችን አብሮ ማሰማራት የበጀት ጥያቄው የመጀመሪያ ክፍል እንጂ የጎን ሥራ አይደለም።

በኅዳር 2022 የተነሣው ክርክር

ድጎማው በ2020 300 ሚሊዮን ዶላር ከሆነ በኋላ፣ በ2021 ወደ 1 ቢሊዮን ከፍ ብሎ በ2022ም በዚያው መጠን ቀጠለ። ከገንዘቡ መጨመር ጋር ግዴታውም ጠበቀ። ጠያቂዎቹ ሁሉ በሜዳ የሚያድሩትን በስንት እንደሚቀንሱ፣ አዲስ ቤት አልባ የሚሆኑትን እንዴት እንደሚገቱ፣ ስንት ሰው ወደ ቋሚ ቤት እንደሚያስገቡ በቁጥር የተገለጸ ግብ እንዲያቀርቡ ተደረገ። ከ2021ዱ 1 ቢሊዮን ዶላር ውስጥም 180 ሚሊዮኑ ግባቸውን ለሚያሳኩት ማበረታቻ እንዲሆን ተለይቶ ተቀመጠ።

ዕቅዶቹ ተሰብስበው ሲደመሩ የተገኘው ውጤት ግን ያልተጠበቀ ነበር። ሁሉም ዕቅዶች ሙሉ በሙሉ ቢፈጸሙ እንኳ፣ ከ2020 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት በመላው ግዛት በሜዳ የሚያድሩት ሰዎች ቁጥር የሚቀንሰው ከመቶ 2 እጅ ብቻ ነበር። የግዛቱ ገዥ ሚስተር ጋቪን ኒውሰም ይህ ተቀባይነት የሌለው መሆኑን በመግለጽ፣ በኅዳር 2022 መጀመሪያ ላይ የ1 ቢሊዮኑ ዶላር ክፍያ እንዲቆም አደረጉ።

የከተሞችና የአውራጃዎች ኃላፊዎችም በበኩላቸው የመከራከሪያ ነጥብ ነበራቸው። ገንዘቡ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚወሰንና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ፣ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚያገኙ ሳያውቁ የብዙ ዓመት ግብ ለማስቀመጥ እንደሚቸገሩ አስረዱ። ከፍ ያለ ግብ አስቀምጦ ገንዘብ ቢቋረጥ፣ ተጠያቂው ራሱ የአካባቢው አስተዳደር እንደሚሆንም ግልጽ ነበር።

ሁለቱ ወገኖች በዚያው ወር በሳክራሜንቶ ከተማ ተገናኝተው ተወያዩ። ከውይይቱም በኋላ፣ በሚቀጥለው ዙር የላቀ ግብ ለማቅረብ ለተስማሙት ክፍያው ተለቀቀ። በ2023 ደግሞ አንድ ተጨማሪ ደንብ ወጣ። በአንድ አካባቢ ያሉት ከተማ፣ አውራጃና አስተባባሪ አካል በተናጠል ዕቅድ ማቅረባቸው ቀርቶ፣ የእያንዳንዱን ኃላፊነት ለይቶ የሚያሳይ የጋራ ዕቅድ እንዲያዘጋጁና የመግባቢያ ሰነድ እንዲፈራረሙ ተደረገ። የአውራጃዎቹ ማኅበርም በዚሁ ዓመት ባቀረበው ሐሳብ፣ በየደረጃው ያለው መንግሥት ኃላፊነት ተለይቶ በሕግ እንዲደነገግና ገንዘቡም ቋሚ እንዲሆን ጠይቋል።

ቤቱና ቤቱን የማስተዳደሩ ወጪ

የአንድ ጊዜ ገንዘብ ፍሬ የሚያፈራበት ሁኔታ መኖሩን በ2020 የተጀመረው ሆምኪ የተባለው ፕሮግራም አሳይቷል። በወረርሽኙ ወቅት እንግዳ ያጡ ሆቴሎችንና ሌሎች ሕንጻዎችን ገዝቶ ወደ መኖሪያነት ለመለወጥ 600 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተመደበ። ከዚህ ውስጥ 550 ሚሊዮኑ ከፌዴራሉ መንግሥት የተገኘ ሲሆን፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልዋለ ተመላሽ የሚሆን ነበር። የአካባቢ አስተዳደሮች በጥቂት ወራት ውስጥ 94 ፕሮጀክቶችን አቅርበው ከ6,000 በላይ መኖሪያዎችን አገኙ። የግዛቱ ዋና ኦዲተር በኋላ እንዳረጋገጡት፣ ለአንድ መኖሪያ የወጣው ወጪ በአማካይ 144,000 ዶላር ሲሆን፣ አዲስ ቤት ለመሥራት ግን ከ380,000 እስከ 570,000 ዶላር ይፈጅ ነበር።

ይሁን እንጂ ቤት መግዛት የሥራው ፍጻሜ አይደለም። ጥበቃው፣ ጥገናው፣ የማኅበራዊ ሠራተኛው ደመወዝና ለታመሙት የሚደረገው ክትትል በየወሩ የሚከፈል ወጪ ነው። ለሕንጻው የተገኘ ገንዘብ ለዚህ ካልበቃ፣ ወጪው ተመልሶ በአካባቢው አስተዳደር ትከሻ ላይ ይወድቃል። ስለሆነም የቤቱን ዋጋ ብቻ የያዘ የበጀት ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው።

የሂሳብ ክትትል

የግዛቱ ዋና ኦዲተር በሚያዝያ 2024 ያወጡት ሪፖርት፣ ከ2018 ጀምሮ በነበሩት አምስት የበጀት ዓመታት 24 ቢሊዮን ዶላር ያህል ቢያንስ በ30 ፕሮግራሞች መመደቡን ገልጿል። ሆኖም ጉዳዩን የሚያስተባብረው የግዛቱ ምክር ቤት ከሰኔ 2021 ወዲህ ያለውን ወጪና ውጤት አጠናቅሮ እንዳላቀረበ አመልክቷል። ኦዲተሩ ከመረመሯቸው አምስት ፕሮግራሞች ውስጥ ሁለቱ ብቻ ከወጪያቸው አንጻር ውጤታማ መስለው ሲታዩ፣ ሦስቱን ለመመዘን የሚያስችል በቂ መረጃ አልተገኘም።

ይህ ሪፖርት ገንዘቡ ባክኗል የሚል ፍርድ አልሰጠም፤ ምን እንደሠራ በማስረጃ ለማሳየት አለመቻሉን ግን አረጋግጧል። ለሚቀጥለው ጥያቄ ልዩነቱ እምብዛም ነበር። ድጎማው በ2023 እና በ2024 በየዓመቱ 1 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ ቢቀጥልም፣ የግዛቱ ገቢ በተጣበበበት የ2025–26 በጀት አዲስ ገንዘብ አልተያዘለትም፤ ለተከታዩ ዓመት ብቻ 500 ሚሊዮን ዶላር በታሳቢነትና በተጨማሪ የተጠያቂነት ግዴታ ተጠቅሷል። ይህም የሆነው ሥራው በአንዳንድ ቦታዎች ፍሬ ማሳየት በጀመረበት ወቅት ነው። በሎስ አንጀለስ አውራጃ በ2023 75,518 የነበረው የቤት አልባዎች ቁጥር በ2024 ወደ 75,312፣ በ2025 ደግሞ ወደ 72,308 ዝቅ ብሏል። ቅነሳው አነስተኛ ቢመስልም፣ ለብዙ ዓመታት ሲያድግ የኖረ ቁጥር ወደ ኋላ መመለሱ ቀላል አይደለም። ገንዘብ ሲቋረጥ ቀድሞ የሚዘጋው የመጠለያው አልጋና የኪራይ ድጎማው በመሆኑ፣ በዚህ መካከል የሚጎዳው ትናንት ከሜዳ የተነሣው ሰው ነው።

ከልምዱ የሚገኝ ትምህርት

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ዋና ቁም ነገር፣ የበጀት ጥያቄ በችግሩ ክብደት ብቻ የማይመለስ መሆኑ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ችግሩን የካደ ወገን አልነበረም። ያከራከረው፣ የተጠየቀው ገንዘብ ስንት ሰው ከሜዳ እንደሚያነሣና ይህም በምን እንደሚታወቅ ነው። በመሆኑም ጠያቂው አካል በጥንቃቄ የተካሄደ ቆጠራ፣ የእያንዳንዱን ድርሻ የሚለይ የጋራ ዕቅድ፣ ከቤቱ ዋጋ ጋር የሥራ ማስኬጃውን ወጪና በየወቅቱ የሚቀርብ የውጤት ሪፖርት አዘጋጅቶ ሊቀርብ ይገባል።

በሌላ በኩል፣ ገንዘቡን የሚሰጠው የበላይ አካልም ግዴታ አለበት። የብዙ ዓመት ውጤት የሚጠይቅ መንግሥት የአንድ ዓመት ገንዘብ ብቻ ሊሰጥ አይገባውም። ከመቶ 2 እጅ የሆነው ግብ ያነሰው የአካባቢ አስተዳደሮች ስለ ችግረኞቹ ባለማሰባቸው ብቻ ሳይሆን፣ የነገውን በጀት ባለማወቃቸውም ጭምር ነው። ድንኳን ውስጥ ያለን ሰው ለአንድ ክረምት ማስጠለል ርዳታ ነው፤ ተመልሶ ወደ ድንኳን እንዳይገባ ማድረግ ደግሞ ማቋቋም ነው። ለመጀመሪያው የአንድ ጊዜ ገንዘብ ሊበቃ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በየዓመቱ የሚታወቅ በጀትንና በየዓመቱ የሚመረመር ሂሳብን ይጠይቃል።