«ጎበዝ ነኝ» ማለት የሚጎዳው መቼ ነው?

ቢላም ሆነ ነጆ፣ ጊምቢም ሆነ ነቀምቴ፣ ደረጃ የሚወጣ ልጅ በሰፈሩ ይታወቃል። እናቱን ገበያ ላይ «የዶክተሩ እናት» ብለው ይቀልዱባታል፤ ልጁም እየቆየ ቀልዱን ያምነዋል። ለምን አያምን? ካርዱ ላይ ዘጠና ምናምን ተጽፏል።

ከዚያ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይመጣል። ኩረጃን ለማስቀረት ተብሎ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። በእኛ በወለጋ በኩል በጸጥታው ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ ይታወቃል፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ ልጆቹ ውስጣዊ ስሜት ነው። ራሳቸውን ከልክ በላይ ገምተው ነበር? ብዙዎቹ አዎ። ግምቱን ግን ብቻቸውን አልፈጠሩትም፤ ካርዱን የሞላው ትልቅ ሰው ነው።

ራስን ከፍ አድርጎ መገመት ለአእምሮ ይበጃል ወይስ ይጎዳል የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ቀድሞ ጤነኛ ሰው ማለት ራሱን በልኩ የሚያይ ነው ይባል ነበር። ሼሊ ቴይለርና ጆናታን ብራውን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1988 ይህን ገለበጡት፦ አብዛኛው ጤነኛ ሰው ራሱን ከሆነው ትንሽ አሳምሮ ያያል፣ ነገም ከሚገባው በላይ ብሩህ ይመስለዋል፤ ይህም መከራን እንዲችል ይረዳዋል አሉ። እውነት ይመስላል። ማሳው በጎርፍ የተወሰደበት ገበሬ ዘንድሮም የሚዘራው ሒሳብ ሠርቶ ብቻ አይደለም።

ነገሩ ግን ጊዜ ሲጨመርበት ይቀየራል። ሪቻርድ ሮቢንስና ጄኒፈር ቢር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ዩኒቨርሲቲ የገቡ ተማሪዎችን ለዓመታት ተከታተሉ። በትምህርት ችሎታቸው ራሳቸውን ከልክ በላይ የገመቱት መጀመሪያ ላይ ደስተኞች ነበሩ። ግምቱ ግን የተሻለ ውጤት አላመጣላቸውም። ዓመታት ሲያልፉ ለራሳቸው ያላቸው ክብር እየወረደ ሄደ፤ ከትምህርቱም ልባቸው ሸሸ። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት እኔን የምታስፈራኝ። «ድሮም ትምህርት ምን ያደርጋል?» የሚል ወጣት ስሰማ ስንፍና አይታየኝም፤ ቁስሉን የሸፈነ ሰው ነው የሚታየኝ። ሰፈሩም አይምረውም፦ «የት ይደርሳል የተባለ ወይፈን ልኳንዳ ቤት ተገኘ» ይልበታል።

ታዲያ ልጆቻችንን «ጎበዝ አይደለህም» እያልን እናሳድግ? ምን በወጣን! ሳራ ሁምበርግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ጠቃሚ ነገር ለያይተው አሳዩ፦ ከመልካም ስሜት ጋር አብሮ የሚሄደው ስለ ራስ ጥሩ አመለካከት መያዙ ነው እንጂ ግምቱ ከእውነተኛው ችሎታ መብለጡ አይደለም። «እችላለሁ» የሚል ልጅ ደህና የሚሆነው በ«እችላለሁ»ው ነው፤ የተጋነነችው ትርፍ ምንም አትጨምርለትም። ይህን ሳነብ ቀለለኝ። ልጁን እየወደድንና እያበረታታን ትክክለኛውን ነጥብ ልንነግረው እንችላለን ማለት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም።

ትክክለኛውን ነጥብ ለማወቅ ለጊዜው ከእጃችን ያለው መሣሪያ የድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ያለ ልጅ፣ ከተማረው ትምህርት የወጡትን ጥያቄዎች መርጦ፣ ስልክ ሳይነካ፣ ሰዓት ይዞ፣ ብቻውን ይሥራ። 38 ካመጣ 38 ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው 91 ለቤተሰብ ይሁን። ከዚያ የሳተውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይማር። ዴቪድ ደኒንግና ጀስቲን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ በአመክንዮ ፈተና ዝቅተኛ ያመጡ ሰዎች አጭር ሥልጠና ሲያገኙ ቀድሞ ምን ያህል እንደሳቱ ራሳቸው በተሻለ ሁኔታ መገመት ችለዋል። እና እባካችሁ መምህራን፣ ሰባ የሚገባውን ልጅ ዘጠና አትስጡት። ወላጅ ይቆጣችኋል፣ አውቃለሁ።